ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ክር ምንድን ነው? የሚበራ ባጅስ እንዴት ይሰፋበታል?

ባጭሩ በመርፌ የሚሰፋ ሽቦ ነው። ስታዩት ግራጫ ተራ ክር ይመስላል፣ በመርፌ ቀዳዳ ይገባል፣ ይቋጠራል፣ በመቀስ ይቆረጣል፣ ግን አንዱን ጫፍ ባትሪ ሌላውን ኤልኢዲ (ያቺ ትንሿ መብራት) ጋር ካገናኛችሁት ኤሌክትሪክ ይዞ ይሄዳል። ደረቱ ላይ የሚበራ ኮከብ ወይ ልብ ምናምን የለጠፈ ሰው አይታችሁ ሽቦው የታለ ካላችሁ፣ ስፌቱ ራሱ ነው ሽቦው።

በብዛት የሚሸጠው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከስቴንለስ ስቲል የተፈተለ፣ ሌላው ደግሞ ላዩ ብር የተለበጠ ናይለን። ብር ያለው ለስላሳ ነው፣ በስፌት መኪናም ይሻላል፣ ግን ያው ብር ስለሆነ እየቆየ ይጠቁራል፣ ሲጠቁር ደግሞ ማስተላለፉም እየደከመ ይሄዳል። ስቲሉ አይጠቁርም አይዝግም፣ ጠባዩ ግን አስቸጋሪ ነው፣ ጫፉ ይበታተናል፣ የቋጠራችሁትም ዞር ስትሉ ይፈታል። በእጅ ለሚሰፋ ባጅ እኔ ስቲሉን ነው የምመርጠው።

እዚጋ ሁሌ የሚነሳ ጥያቄ አለ፣ የሀበሻ ቀሚስ ጥለት ላይ ያለው የሚያብለጨልጭ ወርቃማ ክርስ አይሆንም ወይ የሚል። ብዙውን ጊዜ አይሆንም። ያ የሚያብለጨልጨው ነገር በአብዛኛው ስስ ፕላስቲክ ላይ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው፣ ከላዩም ሌላ ሽፋን ስላለው ብረቱን መንካት አትችሉም። ቴስተር (ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ነገር ሲነካ የሚጮኸው መለኪያ) ካላችሁ ሁለቱን ጫፎች ነክታችሁ ማየት ነው፣ ጢጥ ካላለ ለጥለት ተውት።

አሁን ዋናው ነገር። ይሄ ክር ልባስ የለውም። ተራ ሽቦ ላዩ ላይ ፕላስቲክ ስላለው ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ ተጠምጥመው ቢሄዱም ምንም አይሆኑም፣ እዚህ ግን ሁለቱ መስመሮች በአንዲት ቀጭን የክር ጭራ እንኳን ከተነካኩ ሾርት ነው፣ መብራቱ ይጠፋል፣ ባትሪው ይሞቃል፣ ትንሽ ቆይቶም ባዶ ይሆናል። ስለዚ የሚበራ ባጅ መስራት ከኤሌክትሮኒክስ ይልቅ የስፌት አቀማመጥ ጉዳይ ነው። ሰው ኤሌክትሮኒክስ አልችልም ብሎ ይፈራል፣ የሚያስቸግረው ግን ሁለት መስመር ሳይነካኩ ጨርቅ ላይ ማስኬዱ ነው።

ሁለተኛው ጠባዩ እንደ መዳብ ሽቦ በነፃ አያሳልፍም፣ ሬዚስታንስ አለው። እንደ ውፍረቱ ይለያያል፣ ባለ ሦስት ድሩ የስቲል ክር ግን 30 ሴንቲሜትሩ ወደ 10 ኦም (የሬዚስታንስ መለኪያ) ይሆናል። ለአንድ ኤልኢዲ ይሄ ምንም ማለት አይደለም፣ 5 ሚሊአምፔር ቢወስድ የሚጠፋው 0.05 ቮልት ብቻ ነው። ግን እነዚያን ቀለም የሚቀያይሩትን ኒዮፒክስል የሚባሉ መብራቶች ካሰባችሁ አንዷ ብቻ በሙሉ ነጭ ስትበራ እስከ 60 ሚሊአምፔር ትወስዳለች፣ በዚያው ክር ላይ 0.6 ቮልት ጠፋ ማለት ነው፣ ሁለት ሦስት ስትጨምሩ ደግሞ መጨረሻ ላይ ያለችው መደብዘዝና መዘባረቅ ትጀምራለች። ለዛ ነው ነገርዬው ለትንሽ ባጅ የሚመቸው፣ ለሙሉ ጃኬት ሳይሆን።

ለመጀመሪያ ባጅ የሚያስፈልገው ፌልት ጨርቅ (ወፈር ያለና ጫፉ የማይተረተር ስለሆነ)፣ ሦስት ኤልኢዲ፣ ክሩ፣ የሚሰፋ የባትሪ ማስቀመጫና አንድ ሲአር2032 ባትሪ፣ ያቺ የመኪና ሪሞት ውስጥ ያለችው ጠፍጣፋዋ። ቁጥሩ ዝም ብሎ አይደለም፣ 20 ሚሊሜትር ስፋት 3.2 ሚሊሜትር ውፍረት ማለት ነው። 3 ቮልት ትሰጣለች። ከመስፋታችሁ በፊት የኤልኢዲውን ሁለት እግሮች በባትሪዋ ግራና ቀኝ አድርጋችሁ ቆንጠጥ አድርጉት፣ ረጅሙ እግር ፕላስ ጋ መሆን አለበት፣ ከበራ ደህና ነው፣ ካልበራ ገልብጡት። ሌላ ቦታ ሬዚስተር (ከረንቱን፣ ማለትም የኤሌክትሪኩን ፍሰት፣ የሚገታ ዕቃ) ካልጨመርክ ኤልኢዲው ይቃጠላል የሚባለው እዚህ ብዙ አያሰጋም፣ ይቺ ባትሪ ራሷ በውስጧ ሬዚስታንስ ስላላት ብዙ ከረንት መስጠት አትችልም።

ሦስቱን ኤልኢዲ አንዱን ካንዱ አስከትላችሁ በአንድ መስመር አትስፉ፣ 3 ቮልት ለዛ አይበቃም። የሁሉም ፕላስ እግር በአንድ ክር፣ የሁሉም ማይነስ በሌላ ክር፣ ሁለት ትይዩ መስመር፣ በቃ። ቀለም ስትመርጡም ቀይና ሰማያዊ አትቀላቅሉ፣ ቀይ ወደ 2 ቮልት ይበቃዋል፣ ሰማያዊና ነጭ ደግሞ 3 አካባቢ ይፈልጋሉ፣ አንድ ላይ ስታደርጓቸው ቀዩ ከረንቱን ጠቅልሎ ይወስድና ሰማያዊው ጭል ጭል ይላል። ሰው ኤልኢዲው ተበላሽቷል ብሎ የሚጥለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

የኤልኢዲ እግሮች ቀጥ ያሉ ስለሆኑ አይሰፉም፣ በቀጭን ፒንሳ ጠምዝዛችሁ ቀለበት ታደርጓቸዋላችሁ። ፕላሱን አራት ማዕዘን ማይነሱን ክብ ብታደርጓቸው ከጠመዘዛችኋቸው በኋላ የቱ የቱ እንደነበር አትደናገሩም። ከዛ ክሩን በቀለበቱ ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ አዙራችሁ ጥብቅ አድርጋችሁ ስፉት፣ ላላ ያለ ስፌት እናንተ ስትቀመጡ ይበራል ስትነሱ ይጠፋል። ይሄ ነጥብ ላይ አትቸኩሉ፣ በእጅ የተሰፋ ባጅ ሲበላሽ ከአሥሩ ዘጠኙ ላልቶ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሲያልቅ ቋጥራችሁ ቋጠሮው ላይ ጠብታ የጥፍር ቀለም አድርጉበት፣ ሲደርቅ የተረፈውን ጭራ አሳጥራችሁ ቁረጡ። ያቺ ከጀርባ የተረሳች ጭራ ናት ሌላው መስመር ላይ ተኝታ ሾርት የምታደርገው።

ማብሪያ ማጥፊያ መግዛት አያስፈልግም። ጠቅ ብሎ የሚገጥም የብረት ቁልፍ አለ አይደል፣ የሕፃን ልብስ ላይ የሚሰፋው፣ አንዱን መስመር መሃል ላይ አቋርጣችሁ ግማሹን እዚህ ግማሹን እዛ ትሰፉታላችሁ፣ ሲገጥም ይበራል ሲላቀቅ ይጠፋል። እኔ ከጠቅላላው ስራ በጣም የምወደው ይሄንን ነው።

ከጀርባ በመርፌ ቁልፍ ወይ በማግኔት ስትለጥፉት ግን ተጠንቀቁ፣ ሁለቱም ብረት ናቸው፣ ፕላስና ማይነሱን በአንዴ ከነኩ ያው ሾርት ነው። ስፌቱን ሁሉ የሚሸፍን ሌላ ፌልት ከጀርባ ስፉበት፣ በተራ ክር።

ነገሩ በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2007 ሊያ ቢክሊ የምትባል አሜሪካዊት ዲዛይነር የሰራችው ሊሊፓድ አርዱዊኖ የሚባል ልብስ ላይ የሚሰፋ ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ ስፓርክፈን በሚባለው የኤሌክትሮኒክስ ድርጅት ገበያ ላይ ሲወጣ ነው። ክብ ሰሌዳ ሆኖ ዙሪያውን ክር የሚገባባቸው ትላልቅ ቀዳዳዎች አሉት፣ ፕሮግራም ስለሚደረግ መብራቱን ብልጭ ድርግም ማስደረግ ይቻላል። ጎበዝ ነገር ነው፣ ግን የመጀመሪያ ባጃችሁ ላይ ኮድ ውስጥ አትግቡ፣ ካልበራ ስፌቱ ይሁን ኮዱ ሳታውቁ ትደክማላችሁ።

ስትለብሱት ላብና ዝናብ ሁለቱን መስመሮች ሊያገናኝ ይችላል፣ ወፍራም ጨርቅ ላይ ይሻላል፣ የሚታጠፍ ቦታም ላይ አታድርጉት። ስታጥቡ ባትሪውን አውጡ፣ በእጅ ቀስ አድርጋችሁ እጠቡ፣ በደንብ ሳይደርቅ ባትሪ አትመልሱ። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ደግሞ ይሄ ቀልድ የለውም፣ ያቺ ጠፍጣፋ ባትሪ ከተዋጠች በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮ ልታቃጥል ትችላለች፣ ስለዚ የባትሪ ማስቀመጫው በቀላሉ የማይከፈት ይሁን፣ ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁም ነገ እናያለን ሳይሆን ወዲያው ሆስፒታል ነው።

አየር ማረፊያ ለብሳችሁት አትሂዱ። እ.ኤ.አ. መስከረም 2007 ቦስተን ሎጋን አየር ማረፊያ ኤምአይቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነች አንዲት ልጅ ልብሷ ላይ ኤልኢዲ የሚበራበት ሰሌዳ ከነባትሪው ለጥፋ ሰው ልትቀበል ሄዳ ቦምብ መስሏቸው መሳሪያ የያዙ ፖሊሶች አሰሯት። በአውሮፕላን መውሰድ ካለባችሁ ባትሪውን አውጥታችሁ ለብቻው ጠቅልሉት፣ ሊቲየም ስለሆነም በእጅ ሻንጣ ነው የሚሄደው፣ ባጁ የትም ይግባ።