የዝርዝር መጣጥፎች በውክፔዲያ

የዝርዝር መጣጥፍ አንድን ጉዳይ ከማብራራት ይልቅ በአንድ ወገን የሚመደቡ ሰዎችን፣ ቦታዎችን ወይም ሥራዎችን በተርታ የሚያስቀምጥ የውክፔዲያ ገጽ ነው። ውክፔዲያ በጥር 2001 ከተጀመረ ወዲህ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እንዲህ ያሉ ገጾች በመዝገበ ዕውቀት ውስጥ ቦታ አላቸው ወይስ የላቸውም የሚለው ጥያቄ አዘጋጆቹን ደጋግሞ አከራክሯል።

የላቸውም የሚሉት፣ ውክፔዲያ የስም ማውጫም ያገኘውን ሁሉ የሚያጠራቅም መጋዘንም አይደለም የሚለውን ደንብ ይጠቅሳሉ። በ2004 የመደብ አሠራር፣ ማለትም ተመሳሳይ ገጾችን በአንድ ርዕስ ሥር የሚሰበስበው ዘዴ፣ ሲመጣ ሌላ መከራከሪያ አገኙ፦ መደቡ ከገጹ ግርጌ ከተጻፈ ሶፍትዌሩ ራሱ በፊደል ተራ ይደረድራል፤ ታዲያ በእጅ መዘርዘር ለምን ያስፈልጋል? መደብ ግን የሚያሳየው ስም ብቻ ነው። ዓመት፣ ማብራሪያና ምንጭ አይይዝም፤ ገና ያልተጻፈ ገጽንም አያውቅም። በዝርዝር ውስጥ ያልተጻፈው ገጽ በቀይ መያያዣ ስለሚታይ ቀጣዩ ጸሐፊ ሥራውን ከዚያ ይጀምራል። የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ መመሪያም አንዱ ሌላውን እንደማይተካ ይገልጻል፤ ከ2005 ጀምሮ ደግሞ ምርጥ ዝርዝሮች የሚገመገሙበት ሥርዓት አለው። አንድ ዝርዝር ራሱን ችሎ እንዲቆም በዋናነት የሚጠየቀው፣ የተዘረዘሩት ነገሮች በቡድንነታቸው በገለልተኛ ምንጮች የተወሱ መሆናቸው ነው።

የዝርዝር ጉልበት ጎልቶ ከሚታይባቸው አንዱ የኢትዮጵያ ነገሥታት ጉዳይ ነው። ዓፄ ተክለ ጊዮርጊስ፣ ፍጻሜ መንግሥት የተባሉት፣ ከ1779 እስከ 1800 ባሉት ዓመታት ስድስት ጊዜ ነግሠዋል። ታሪካቸው በተራ ጽሑፍ ሲተረክ ማን ከማን በኋላ ዙፋኑን እንደያዘ አንባቢው ይጠፋበታል። በሠንጠረዥ ሲቀመጥ ግን አንድ ስም በሌሎች ስሞች መካከል ስድስት ጊዜ ብቅ ይላል፤ የመሳፍንቱ ጉልበትና የዙፋኑ መድከም ያለ ማብራሪያ ይታያል።

ሆኖም ይኸው ጉልበት ያሳስታል። በ1922 ራስ ተፈሪ፣ በኋላ ዓፄ ኃይለ ሥላሴ፣ ለእንግሊዛዊው ጸሐፊ ለቻርልስ ሬይ የሰጡት የነገሥታት ዝርዝር ከክርስቶስ ልደት በፊት ብዙ ሺህ ዓመታት ወደ ኋላ ይሄዳል። በዚያ ተርታ በአፈ ታሪክ ብቻ የሚታወቀውና በሰነድ የተረጋገጠው ንጉሥ እኩል አንድ አንድ መስመር አላቸው፤ የንግሥና ዘመንም ለሁለቱም ተጽፎላቸዋል። ምንጩ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ያልተጻፈበት ዝርዝር ሁሉም እኩል እርግጥ ነው እያለ ይናገራል። ከ1270፣ ከዓፄ ይኩኖ አምላክ የሚጀምር ዝርዝርን ከቀደምቶቹ መለየት የሚሻለውም ለዚህ ነው።

በአማርኛው ውክፔዲያ ችግሩ ተገላቢጦሽ ነው። ለብዙ ተረትና ምሳሌዎች ለየብቻ ገጽ ተከፍቶላቸዋል፤ ብዙዎቹ ገጾችም የአማርኛ ምሳሌ ነው ከሚል ዐረፍተ ነገር ብዙም አያልፉም። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ዝርዝር ነው፤ ለትርጉሙና ለአገባቡ አምድ ያለው፣ በጉዳይ የተከፋፈለ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እና «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» በአንድ ገጽ ላይ ተከታትለው ቢቀመጡ ዝምድናቸው ወዲያው ይታያል፤ አንደኛው ስለ ጥንካሬ፣ ሌላኛው ስለ ሸክም መናገሩም እንዲሁ።