«በእርስዎ አገር አይገኝም»፦ ሕጋዊ ፊልም ሲታጣ የሚመጣው የፓይረሲ ፈተና

የፊልም ፓይረሲ የመብቱ ባለቤት ሳይፈቅድ ፊልምን መቅዳትና ማሰራጨት፣ ወይም እንዲህ ከተሰራጨበት አውርዶ ማየት ነው። ሰው ይህን የሚያደርገው ነጻ ነገር ስለሚወድ ነው ይባላል። እውነትነት አለው። ለመክፈል ተዘጋጅቶ የሚከፍልበት ያጣ ሰው ጉዳይ ግን ከዚህ ይለያል፤ ለብቻው መታየት አለበት።

ነገሩ የሚጀምረው ከመብት ሽያጭ ነው። ፕሮዲውሰሩ ፊልሙን በአገር፣ በጊዜና በማሳያ ዓይነት እየከፋፈለ ይሸጠዋል። የሲኒማው መብት ለአንዱ፣ የቴሌቪዥኑ ለሌላው፣ የስትሪሚንጉ (ሳይወርድ በቀጥታ በኢንተርኔት የሚታየው) ደግሞ ለሦስተኛው ይሄዳል። ብዙ ፊልሞች ገና ሳይቀረጹ በጀታቸውን የሚሞሉት በዚህ ሽያጭ ስለሆነ አሠራሩን በደፈናው መኮነን አይቻልም። ጣጣው ግን ተመልካቹ ላይ ያርፋል። በአንድ አገር መብቱን የሚገዛ ካልተገኘ ፊልሙ እዚያ በሕጋዊ መንገድ የለም። የገዛው ድርጅት ሳያሳይ ይዞት ከተቀመጠም ያው ነው። የስትሪሚንግ ኩባንያዎች የደንበኛውን አይፒ አድራሻ (የኢንተርኔት መለያ ቁጥሩን) አይተው ያለበትን አገር ይለያሉ፤ ለዚያ አገር ፈቃድ የሌላቸውን ፊልም አያሳዩትም። ቀድሞም ዲቪዲ ዓለምን በ6 ዋና ዋና ክልሎች ከፍሎ የአንዱ ዲስክ በሌላው ማጫወቻ እንዳይሠራ ያደርግ ነበር። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ2007 ስትሪሚንግ የጀመረው በአሜሪካ ብቻ ነው። በ2016 ጥር ላይ በአንድ ቀን ከ130 በላይ አገሮች ገባ። ያም ሆኖ የፊልሙ ዝርዝር ከአገር አገር ይለያያል።

ፈተናው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሰውየው የፊልሙን ስም ጽፎ ይፈልጋል። አይገኝም ይባላል። ሌላ አገልግሎት ይሞክራል፤ ካርዱን አይቀበለውም፣ ወይም በሚገባው ቋንቋ ሰብታይትል የለውም። ሦስተኛው ሊንክ ላይ ፊልሙ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል፣ ሰብታይትሉንም በጎ ፈቃደኞች ሠርተውለታል። እርግጥ እዚያም ሰላም የለም። የማጫወቻ ምልክት የሚመስለው ነገር ማስታወቂያ ሆኖ ይገኛል። ሲነኩት ሌላ መስኮት ይከፈታል፤ ስልክዎ ቫይረስ ገብቶበታልና ይህን አፕ ይጫኑ ይላል። ቫይረሱ ራሱ አፑ ነው። ቶረንት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ብራም ኮኸን የተባለ ፕሮግራመር በ2001 ይፋ ያደረገው ይህ ዘዴ ፋይሉን ትናንሽ ቁራጭ አድርጎ ከብዙ ሰዎች ይሰበስባል። አውራጁም የደረሰውን ቁራጭ ወዲያው ለሌሎች ይልካል። ስለዚህ ለራሴ ብቻ ነው ያወረድኩት ያለ ሰው ሳያስበው አሰራጭም ሆኗል።

የአቅርቦት ጉዳይ ወሳኝ መሆኑን የሚያሳይ ጥሩ ማስረጃ አለ። ኤንቢሲ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ከአፕል ጋር አልስማማ ብሎ በ2007 ታኅሣሥ ፕሮግራሞቹን ከአይቲዩንስ፣ ከአፕል የኢንተርኔት መሸጫ፣ አወጣ። የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ውጤቱን ለኩ። የኤንቢሲ ፕሮግራሞች ፓይረሲ 11.4 በመቶ ጨመረ፤ የዲቪዲ ሽያጩ ግን አልጨመረም። ሕጋዊውን ያጡ ሰዎች ወደ ሌላ ሕጋዊ መንገድ አልዞሩም ማለት ነው።

ይህን ይዞ ፓይረሲ ማንንም አይጎዳም ማለት ግን ልክ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ያስጠናውና በ2017 ይፋ የሆነ ጥናት እንደሚለው፣ በሕገወጥ መንገድ ከታዩ 10 አዳዲስ ታዋቂ ፊልሞች የተነሳ 4 ሕጋዊ ዕይታዎች ይቀራሉ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ በቁጥር የማይታየው ጉዳት ነው። ፊልሙን በድብቅ ያየው ሰው ተመልካች ሆኖ አይቆጠርም። ኔትፍሊክስ በ2013 ኔዘርላንድስ ሲገባ፣ ምን እንደሚገዛ ለመወሰን በፓይረሲ ገጾች የሚዘወተረውን እንደሚያይ አንዲት የኩባንያው ኃላፊ ተናግረው ነበር። ትልቅ ኩባንያ ይህን ይችላል። ትንሽ አከፋፋይ ግን ያለፈውን ፊልም የሽያጭ ሂሳብ ነው የሚያየው። በዚህ አገር ገበያ የለም ብሎ ቀጣዩን ይተወዋል። ፊልሙ ስላልመጣ ሰው ይሰርቃል፤ ሰው ስለሰረቀ ቀጣዩ ፊልም አይመጣም። በዚህ መሀል የሚደቆሰው ትልቁ ስቱዲዮ አይደለም። ከእያንዳንዱ አገር በምትመጣ ትንሽ ክፍያ ሁለተኛ ፊልሙን ሊሠራ ያሰበው ዳይሬክተር ነው።

ቪፒኤን፣ ማለትም ተጠቃሚውን ሌላ አገር ያለ የሚያስመስል አገልግሎት፣ ከፓይረሲ ጋር አንድ ላይ ባይፈረጅ ይሻላል። የሌላ አገር ዝርዝር ለማየት ቪፒኤን የሚጠቀም ደንበኛ የአገልግሎቱን ውል ይጥሳል፤ ገንዘቡን ግን ከፍሏል። የጠፉ ፊልሞችም ሌላ ጉዳይ ናቸው። ድራኩላ ከተባለው ልብ ወለድ ያለ ፈቃድ በ1922 የተሠራው ኖስፌራቱ የተባለ ፊልም፣ የልብ ወለዱ ደራሲ ባለቤት በቅጂ መብት ከሰው ስላሸነፉ ቅጂዎቹ እንዲወድሙ ፍርድ ቤት አዝዞ ነበር። ዛሬ የምናየው ከዚያ ትእዛዝ ያመለጡ ቅጂዎች ስለነበሩ ነው። ማንም የማይሸጠውን አሮጌ ፊልም ጠብቆ ማቆየትና ትናንት የወጣን ፊልም መስረቅ በአንድ ሚዛን የሚቀመጡ አይመስለኝም።

ሕጉም ቀስ እያለ እየተለወጠ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2018 ሚያዝያ ጀምሮ፣ በአንድ አባል አገር የከፈለ ደንበኛ ለጊዜው ወደ ሌላው ሲጓዝ የከፈለበትን እንዲያይ ፈቅዷል። በዚያው ዓመት ነጋዴዎች ደንበኛን በአገሩ ምክንያት እንዳይከለክሉ የሚያዝ ሌላ ደንብ ወጣ። ፊልምና ተከታታይ ድራማ ግን በዚያ ደንብ ውስጥ አልተካተቱም።