ትንሽ ሆኖ መወለድና ቀኑ ሳይደርስ መወለድ

ድሬዳዋ፣ ከዚራም ይሁን ገንደ ቆሬ፣ አራስ ልንጠይቅ ገብተን ሕፃኑ ከሲታ ከሆነብን «ቀኑ ሳይደርስ ነው እንዴ?» እንላለን። ሁለቱ ይለያያሉ። ያለጊዜው ተወለደ የሚባለው 37 ሳምንት ሳይሞላው የመጣ ነው፤ ክብደቱ ዝቅተኛ ነው የሚባለው ግን በየትኛውም ሳምንት ይወለድ ከ2,500 ግራም በታች የመዘነው ነው። አንድ ልጅ ሁለቱንም ሊሆን ይችላል።

ልዩነቱ የሚጎላው ሳንባ ላይ ነው። ጥቃቅኖቹ የአየር ከረጢቶች አየር ሲወጣ ተጣብቀው እንዳይቀሩ የሚጠብቃቸው ቅባት መሰል ነገር አለ። በበቂ መጠን የሚገኘው ከ34ኛው ሳምንት ወዲህ ነው። በ30 ሳምንቱ የመጣ ልጅ ይህ ስለሚጎድለው በየትንፋሹ የጎድኑ መሃል ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ያቃስታል። ይህን ያየ ሰው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ይውሰደው። በ39 ሳምንቱ 2,200 ግራም ሆኖ የተወለደው ግን ሳንባው አብዛኛውን ጊዜ ደርሷል፤ የሚያንሰው የስብና የስኳር ስንቅ ነው።



«በድሬ ሙቀት እንዲህ ያለ ሕፃን ምን ይበርደዋል?» የሚሉ አሉ። እባካችሁ፣ ይበርደዋል። ቆዳው ስስ ነው፣ ከሥሩም በቂ ስብ የለውም። ኮፍያ ተደርጎለት፣ እናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ ይታቀፍ።