ዕዳ መጣ ተብሎ በሬ አይሸጥም

ደብረ ብርሃን ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ መጻፍ ከጀመርኩ ቆየሁ። ባለፈው ክረምት ከመሐል ሜዳ የመጡ አንድ አባት አጠገቤ ተቀመጡ። የተበደሩትን አልከፈሉም፤ ተፈርዶባቸዋል። «አፈጻጸም ሊመጣብህ ነው»፣ ማለትም ለፍርዱ ንብረትህ ተይዞ ሊሸጥ ነው፣ ሲሏቸው ሁለቱን በሬዎቻቸውን በግማሽ ዋጋ ሸጠው ነው የመጡት። የቀንበሩን ጠፍር ጠቅልለው ጋቢያቸው ሥር ይዘውታል። «ከሚወስዷቸው ብዬ ነው ልጄ» አሉኝ።

በሬዎቹን ግን ሕጉ ሊያተርፍላቸው ይችል ነበር። ይሄ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ስለዚህ እዚህ ደጃፍ ስለ ዕዳ ሁልጊዜ የምሰማቸውን ወሬዎች ከነመልሳቸው ልጻፋቸው።

«ፍርድ ቤት ያለኝን ሁሉ ይወስዳል»

አይወስድም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 404 ለዕዳ ተይዘው የማይሸጡ ንብረቶችን ይዘረዝራል። የሚለበስ ልብስ፣ ማብሰያ ዕቃ፣ አልጋና የአልጋ ልብስ አይነካም። ባናችሁም ድስታችሁም ቤት ይቀራል። የሙያ መሣሪያም እንዲሁ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ልብስ ሰፊ ከሆናችሁ ሲንጀራችሁ አይወሰድም። ለገበሬ ደግሞ ለኑሮው የሚያስፈልጉት ከብቶችና ዘሩ ይተርፉለታል። የሦስት ወር ቀለብም አለ።

ታዲያ ስንት ከብት ያስፈልጋል የሚለውን የሚወስነው ፍርድ ቤቱ ነው። ጥንድ የእርሻ በሬና ሃያ በግ እኩል አይታዩም። ስለዚህ ቀርባችሁ «በእነዚህ ነው የማርሰው፣ ይሄ ዘሬ ነው» ብላችሁ ማስረዳት አለባችሁ። ዝም ካላችሁ ማን ያውቅላችኋል?

«ደሞዜና ጡረታዬ ያልቃል»

ከደሞዝ ሁለት ሦስተኛው አይነካም። ጡረታም አይያዝም።

«በወንድሜ ስም ካዞርኩት ማንም አይነካውም»

ከሁሉም የምፈራው ይሄን ነው። ያበደራችሁ ባለገንዘብ ንብረቱ የዞረው እሱን ለመጉዳት መሆኑን ካስረዳ፣ ፍርድ ቤት ውሉን ሊያፈርሰው ይችላል። ያን ጊዜ ወንድምም አብሮ ይጎተታል። በዚያ ላይ ዳኛ ፊት እምነት ታጣላችሁ፤ የደበቀ ሰው «በሬዬን ተውልኝ» ሲል ማን ያምነዋል?

«ከስሬያለሁ ካልኩ ዕዳው ይቀርልኛል»

የኪሳራ ሥርዓት የነጋዴና የንግድ ማኅበር ነው። ገበሬ ወይም የመንግሥት ሠራተኛ በዚያ በኩል አይሄድም። ነጋዴ ለሆናችሁ ግን የ2013ቱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ከኪሳራ በፊትም መንገድ ከፍቷል። ሱቁ ሳይዘጋ ከባለገንዘቦች ጋር ዕዳውን እንደገና ማደራጀት ይቻላል። ችግሩ ሰው የሚመጣው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው።

«መያዣ የሰጠሁት ቤትም ይተርፋል»

አይተርፍም። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ የሰላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ ሊሸጠው ይችላል። ማስጠንቀቂያው የደረሳችሁ ቀን ባንኩ ጋ ሂዱ፤ ሃያ ዘጠነኛው ቀን ላይ መሯሯጥ ብዙም አያድንም።

«የእርሻ መሬቴ ይሸጣል»

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም። የመጠቀም መብታችሁን በመያዣ ሰጥታችሁ ዕዳውን ካልከፈላችሁ ግን አበዳሪው በውሉ ለተባለው ጊዜ ሊጠቀምበት ይችላል። የመሬት ደብተሩን ከመስጠታችሁ በፊት ውሉ ለስንት ዓመት እንደሆነ አስነብቡ።

ለእኚያ አባት ለቀረችው ላምና ለዘራቸው ማመልከቻ ጻፍን። ጣታቸውን ቀለም ነክረው ሲፈርሙ ጠፍሩን ጭናቸው ላይ አስቀምጠውት ነበር።