ውሻ ባማጠ ቁጥር የሆድ ድርቀት ነው?

ውሻ ጎንበስ ብሎ ሲያምጥ ያየ ሁሉ «ሆዱ ደርቋል» ይላል። ማማጥ ብቻውን ግን ምንም አያረጋግጥም። ተቅማጥ የያዘውም አንጀቱ ስለሚቆጣ ደጋግሞ ያምጣል፤ የሚወጣው ግን ቀጭን ወይም ንፍጥ መሳይ ነው። ድርቀት የሚባለው ዓይነ ምድሩ ጠጣርና ድብልብል ሲሆን ወይም ጭራሽ ሲቀር ነው። ጤነኛ ውሻ አብዛኛውን ጊዜ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይጸዳዳል። እያማጠ ሽንት ጠብ የማይለው ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ያኔ ለነገ ሳይባል ወደ እንስሳት ሐኪም ይወሰዳል።

በእኔ ግምት ባሕር ዳር ላይ ቀዳሚው ተጠርጣሪ አጥንት ነው። ከሥጋ ቤት የመጣ አጥንት ተቆርጥሞ አንጀት ውስጥ እንደ ኖራ ይጠጥራል፤ ነጣ ያለ፣ የሚፈረፈር ዓይነ ምድር ምልክቱ ነው። በጣና ዳር ለውሾች የሚወረወረው የተጠበሰ ዓሣ አጥንትም ጉሮሮና አንጀት ይወጋልና ደግነት አይደለም። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ደግሞ የውሃ እጥረት ይጨመርበታል። ባልተኮላሸ ሽማግሌ ውሻ ላይ ያበጠ ፕሮስቴትም (ከፊኛው አንገት ሥር ያለ የወንድ እጢ) አንጀቱን ሊጫነው ይችላል።

ቀላል ከሆነ ንጹሕ ውሃ፣ የራሰ ምግብ፣ ረዘም ያለ የእግር ጉዞና ጥቂት የተቀቀለ ዱባ ይረዳሉ። የዱባ ወጥ ትራፊ ግን አይሆንም፤ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው። የሰው የድርቀት መድኃኒትም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም። ሁለት ቀን ካለፈ፣ ካስታወከ ወይም ሆዱ ከተነፋ ቤት ውስጥ መሞከር ይብቃ። ከፊንጢጣው ክር ተንጠልጥሎ ከታየ አይጎተት፤ አንጀት ሊቆርጥ ይችላል።