ስለ ክፍል መብራት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

"ክፍሉ በበራ ቁጥር ተማሪው ይጎብዛል"

አይደለም። ለመማሪያ ክፍል በብዛት የሚመከረው ዴስክ ላይ ከ300 እስከ 500 ሉክስ (አንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ) ነው፣ ከዛ በኋላ የሚያስቸግረው ብርሃኑ የሚያርፍበት ቦታ ነው። እስቲ ጥግ ላይ የተቀመጠውን ልጅ እዩት፣ የመስኮቱ ብርሃን ዋይትቦርዱ ላይ አብረቅርቆ ግማሹን ጽሁፍ ያጠፋበታል፣ አንገቱን ያዘነብላል፣ ከወንበሩ ብድግ ይላል፣ ሲያቅተው ከጓደኛው ደብተር ይገለብጣል፣ ከዛ "አርፈህ ተቀመጥ" ይባላል። በጣም ነው የሚያሳዝነኝ፣ ልጁ እኮ አልረበሸም፣ ማየት ነው ያቃተው። አስተማሪዎች እባካችሁ አንዴ እሱ ቦታ ቁጭ ብላችሁ ሰሌዳውን እዩት፣ መጋረጃ ትንሽ መሳብ ብቻ ሊበቃ ይችላል።

"ደብዛዛ ብርሃን ላይ ማንበብ አይን ያጠፋል"

አይን ይደክማል፣ ራስ ያማል፣ ሲያርፉ ግን ይለቃል። ስለ አይን ከተጨነቅን ልጆች ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ መዋላቸው ይብሳል። ቻይና ጓንግዡ ውስጥ ተሰርቶ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ በቀን 40 ደቂቃ ተጨማሪ ውጪ እንዲቆዩ ከተደረጉት ልጆች በ3 ዓመት ውስጥ ማዮፒያ (ሩቁን አጥርቶ አለማየት) የጀመራቸው 30% አካባቢ ናቸው፣ እንደ ድሮው ከቀጠሉት ደግሞ ወደ 40% የሚጠጋ።

"ሲርገበገብ ካልታየኝ አይርገበገብም"

ይሄ ነው ብዙ ሰው የሚሸወድበት። የድሮ ባላስት (የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚቆጣጠር እቃ) ያለው ፍሎረሰንት 50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ (በሰከንድ 50 ዙር የሚመላለስ) ላይ በየዙሩ ሁለቴ፣ ማለትም በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፣ አይናችን አይለየውም ግን ይረብሸዋል። በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣ የቢሮ ሰራተኞች ጥናት ላይ ባላስቱ በኤሌክትሮኒክ ሲቀየር ራስ ምታትና የአይን ድካም ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ኤልኢዲ ስለሆነ ብቻ ደግሞ አትመኑት፣ ርካሹ እሱም ይርገበገባል። ስልካችሁን ስሎው ሞሽን ላይ አድርጋችሁ መብራቱን ቅረጹት፣ ቪዲዮው ላይ ብልጭ ድርግም ካለ አገኛችሁት ማለት ነው።

"6500 ኬልቪን የሚል አምፖል የበለጠ ይደምቃል"

ኬልቪን የሚነግራችሁ የብርሃኑን ቀለም ነው፣ ድምቀት የሚታየው በሉመን (አምፖሉ የሚሰጠው የብርሃን መጠን) ነው።

"ፕሮጀክተር ሲከፈት መብራት ሁሉ ይጥፋ"

ታዲያ ልጆቹ ኖት በምን ይጻፉ? ከስክሪኑ ፊት ያለውን ረድፍ ብቻ አጥፉ፣ የኋላው ይብራ። ማብሪያ ማጥፊያው ለየረድፉ ካልተለየ ኤሌክትሪሺያን ጠርቶ ማስለየት ነው።