ዩኒፎር፦ በካናዳ የግሉ ዘርፍ ትልቁ የሠራተኞች ማኅበር

ዩኒፎር በካናዳ የግሉ ዘርፍ ካሉት የሠራተኛ ማኅበራት ትልቁ ነው። አባላቱ ከ300,000 ይበልጣሉ። መኪና ገጣጣሚው፣ የወረቀት ፋብሪካ ሠራተኛው፣ ጋዜጠኛውና የሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባይዋ አንድ ጥላ ሥር ናቸው። የተመሠረተው ኦገስት 31፣ 2013 ቶሮንቶ ላይ ነው (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)።

የተዋሐዱት ሁለት ማኅበራት ናቸው። አንዱ የመገናኛ፣ የኢነርጂና የወረቀት ሠራተኞች ማኅበር ሲሆን እሱም ራሱ በ1992 ከሦስት ማኅበራት ተዋሕዶ የመጣ ነው። ሌላው የመኪና ሠራተኞች ማኅበር ነው። የዚህኛው ታሪክ ረዘም ይላል።

በ1945 ዊንዘር ከተማ የፎርድ ሠራተኞች ለ99 ቀናት ሥራ አቆሙ። ፖሊስ መጥቶ በር ሊያስከፍት ነው ሲባል፣ አድመኞቹ በፋብሪካው ዙሪያ መንገዱን በመኪና ጠረቀሙት። ነገሩ በመጨረሻ ለዳኛ አይቫን ራንድ ቀረበ። በ1946 የሰጡት ውሳኔ ዛሬም በስማቸው ይጠራል። አባል መሆን ግዴታ አይደለም፤ የኅብረት ስምምነቱ የሚሸፍነው ሠራተኛ ሁሉ ግን መዋጮ ይከፍላል። ድግሱን በልቶ መዋጮ ሲባል መጥፋት ቀረ ማለት ነው።

እስከ 1985 ድረስ እነዚህ ሠራተኞች ዲትሮይት ለሚገኘው የአሜሪካ ማኅበር ቅርንጫፍ ነበሩ። አሜሪካኖቹ ለአሠሪዎች ጥቅማጥቅም መልቀቅ ሲጀምሩ፣ በቦብ ዋይት የሚመሩት ካናዳውያን አሻፈረን ብለው ወጡ። ደፋር እርምጃ ነበር።

የዩኒፎር የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጄሪ ዲያስ ነበሩ። በ2018 ማኅበሩ የአገሪቱ የሠራተኛ ማኅበራት ጥምረት ከሆነው ከካናዳ የሠራተኞች ኮንግረስ ወጣ። ዩኒፎር ምክንያቱ የአሜሪካ ማኅበራት በካናዳ ቅርንጫፎቻቸው ላይ የሚያደርጉት ጫና ነው ይላል። የሌሎችን አባላት ለመውሰድ ነው ያሉም አልጠፉም። በዚያው ዓመት ጄኔራል ሞተርስ ኦሻዋ ከተማ ባለው የመኪና ፋብሪካው ምርት እንደሚያቆም አስታወቀ። በ2019 መጨረሻ ቆመ፤ በ2020ው ድርድር በተገኘ ስምምነት ግን በ2021 መኪና ማምረቱ ቀጠለ።

ዲያስ በ2022 ሥልጣን ለቀቁ። ከኮቪድ መመርመሪያ አቅራቢ 50,000 ዶላር ተቀብለዋል የሚል ክስ ቀርቦባቸው ነበር። ጉዳዩን በገለልተኛ ወገን አስመርምሮ ይፋ ያደረገው ማኅበሩ ራሱ መሆኑ መነገር አለበት።

በዚያው ዓመት ላና ፔይን የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ2023 ከፎርድ ጋር ያመጡትን ስምምነት አባላቱ በ54 በመቶ ድምፅ አጸደቁት።